ምዕራፍ አምስት፦ ከውሳኔው በፊት ያለው ምርጫ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1971 ሮበርት ስቲልና ሞርጋን መርፊ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ከቬትናም ተመልሰው ያቀረቡት ሪፖርት ዋሽንግተንን አስደነገጠ። እዚያ ከዘመቱት ወታደሮች ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት የሄሮይን ሱሰኞች ሆነዋል ይላል ሪፖርቱ። በዚያ ዘመን ሄሮይን አንዴ የገባበት ሰው የማይወጣበት ሱስ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን በተባለች ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ታክመው የሚወጡ ሱሰኞች አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መርፌው እንደሚመለሱ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር። እንግዲህ መሣሪያ መተኮስ የሠለጠኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሱሰኞች ወደ አሜሪካ ከተሞች ሊጎርፉ ነው የሚል ስጋት ነገሠ።

የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት ጊዜ አላጠፋም። በሰኔ ወር ጄሮም ጃፌ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም አዲስ ለተቋቋመው የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የሚመለስ ወታደር አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ሽንቱ ይመረመር፣ ዕፅ የተገኘበትም እዚያው ቆይቶ ሰውነቱ ከዕፁ ይጸዳ ጀመር። ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ሊ ሮቢንስ ደግሞ ተመላሾቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ የሚደርስባቸውን እንድትከታተል ኃላፊነት ተሰጣት። በመስከረም 1971 ከተመለሱት ተራ ወታደሮች 900 ያህሉን ከያሉበት አፈላልጋ አነጋገረች፤ ሽንታቸውንም አስመረመረች።

ከግማሽ ጥቂት የሚያንሱት ቬትናም ሳሉ ኦፒየም ወይም ሄሮይን ቀምሰው ነበር። ከመቶ 20 ያህሉ ሱስ ይዟቸው እንደነበር በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። የምክር ቤቱ አባላት ሪፖርት አጋንኗል ሲባል እንዲያውም አሳንሶ ኖሯል። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ውጤት ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። ቬትናም ውስጥ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ዳግመኛ የያዛቸው ከመቶ 5 ብቻ ሆኑ። ሦስት ዓመት ሲቆጠር ቁጥሩ ከመቶ 12 አላለፈም። ይበልጥ የሚገርመው፣ ከቀድሞዎቹ ሱሰኞች ግማሽ ያህሉ አገራቸው ከገቡ በኋላ ሄሮይን ደግመው ቀምሰዋል፤ ቀምሰውም አብዛኞቹ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። ለዚህ ሁሉ ለውጥ ሕክምና ምክንያት ነው እንዳይባል ሕክምና ያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

ሰውየው ያው ነው፤ ሰውነቱም ያው ነው። የተቀየረው ዙሪያው ነው። ቬትናም ውስጥ ሄሮይን ርካሽና ንጹሕ ስለነበር ከሲጋራ ትንባሆ ጋር ተቀላቅሎ ይጨስ ነበር፤ መርፌ ፈላጊ አልነበረም። ወታደሩ አንድ ቀን ሞትን ይጋፈጣል፣ ሌላ ቀን ያለ ሥራ ተጎልቶ ይውላል፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ያጨሳል፤ የሚያፍራት እናት፣ የምትቆጣው ሚስት አጠገቡ የለችም። አገሩ ሲገባ ሄሮይን ውድ ነው፣ የተበረዘ ነው፣ በመርፌ የሚወሰድ ነው፣ ያሳስራል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሥራ አለ። በደጁ የሚያልፉት ሰዎች ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ናቸው። የሌክሲንግተኑ ታካሚ ግን በተቃራኒው ከሆስፒታሉ ወጥቶ የሚመለሰው ዕፁን ወደለመደበት ጎዳና፣ መርፌውን ወዳካፈለው ጓደኛው ነበር።

ቦታ በሰው አካል ላይ ይህን ያህል ሥልጣን እንዴት ሊኖረው ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1982 ሼፐርድ ሲግል የተባለ ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አይጦችን ሄሮይን ካስለመዱ በኋላ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከፍተኛ መጠን ሰጧቸው። ዕፁን በለመዱበት ክፍል ውስጥ ከተሰጣቸው አይጦች የሞቱት ከመቶ 32 ሲሆኑ፣ በአዲስ ክፍል ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 64 ሞቱ። የለመዱት ክፍል ሽታ፣ ድምፅና ብርሃን ዕፁ ሊመጣ መሆኑን ለአካላቸው አስቀድሞ ይነግረዋል፤ አካልም ዕፁን ለመቋቋም ይዘጋጃል። ያ ዝግጅት በሰው ላይ ሲሆን ነው “አምሮት” ብለን የምንጠራው ስሜት አንዱ ምንጭ የሚሆነው። ሱሰኛው የለመደውን ጥግ ሲያይ ፍላጎቱ የሚነሣበት ፈቃዱ ስለላላ ብቻ አይደለም። እሱ ገና ምንም ሳይወስን አካሉ ሥራውን ጀምሯል።

አባቶቻችን “ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች” ሲሉ ይህንኑ ከሕይወት ተምረውት ነው። እኛ ግን ይህን እውነት የምንጠቀምበት ለሚመቸን ሰው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። የራሳችን ልጅ ሲጠፋ “ጓደኞቹ አበላሹት” እንላለን፤ የጎረቤት ልጅ ሲጠፋ “እጁን ማን ያዘው፣ ራሱ ፈልጎ ነው” እንላለን። ለሙት “የአርባ ቀን ዕድሉ ነው” ብለን እንጽናናለን፤ ለበደለኛው “ሰይጣን አሳስቶት ነው” ብለን እንለምንለታለን፤ ባለጋራችን ሲሆን ግን ሰይጣንም ዕድልም አይነሡም። ሰው የሚሠራው በፈቃዱ ነው ወይስ የውጭ ኃይል ይነዳዋል የሚለው ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሽምግልናው፣ በየፍርድ ቤቱ በየዕለቱ መልስ እንሰጥበታለን፤ የምንሰጠውም መልስ ሰው ላይ ይፈርዳል።

ፈላስፎቹና የሃይማኖት ሊቃውንቱ በጉዳዩ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1524 ኤራስመስ ስለ ነጻ ፈቃድ ሲጽፍ ማርቲን ሉተር በዓመቱ ፈቃድ የታሰረ ነው ብሎ መለሰለት። የእስልምና ሊቃውንት በቀደር፣ ማለትም አምላክ አስቀድሞ በወሰነው ነገር፣ ላይ ለዘመናት ተከራክረዋል። ባለፉት ስልሳ ዓመታት ደግሞ ክርክሩ ወደ ላቦራቶሪ ገባ።

ከሁሉ የገነነው የቤንጃሚን ሊቤት ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው ጥናቱ ሰዎች ደስ ባላቸው ሰዓት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ሐሳቡ መጣልኝ ያሉበትን ቅጽበትም በፍጥነት ከሚዞር ሰዓት ላይ እንዲያነብቡ አደረገ። በራስ ቅላቸው ላይ የተለጠፉት ሽቦዎች ያሳዩት ነገር አስገራሚ ነበር። አእምሮ ለእንቅስቃሴው መዘጋጀት የሚጀምረው እጁ ከመንቀሳቀሱ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ነው፤ ሰውየው “አሁን ልንቀሳቀስ ነው” ብሎ የሚያውቀው ግን አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ሲቀረው ነው። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ውሳኔያችንን የምንሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው፣ ነጻ ፈቃድም ሕልም ነው አሉ። ሊቤት ራሱ እዚያ ድረስ አልሄደም፤ በቀረችው ቅጽበት ሰው ድርጊቱን ሊያስቆም ይችላል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ የአእምሮው ምልክት ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳዩ፤ በአእምሮ ውስጥ ሁልጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ አለ፣ ምክንያት የሌለው የእጅ እንቅስቃሴም ያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ይነሣል የሚል ነው ማብራሪያቸው።

እኔ በዚህ ሙከራ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ያለ ምንም ምክንያት ጣትን ማንቀሳቀስ ለሰው ልጅ ምርጫ ምሳሌ መሆን አይችልም። ለማግባት፣ ለመሰደድ፣ መጠጥ ለመተው የሚወስን ሰው ሳምንታትን አስቦ፣ ሽማግሌ አማክሮ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚወስነው። ሰከንድ የሚቆጥር መሣሪያ ይህን አይለካም።

ሰውን የሚለካው ሌላ ዓይነት ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኢየሩሳሌም ውስጥ የናዚው ባለሥልጣን አዶልፍ አይክማን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆሞ ታዝዤ ነው ሲል፣ በዚያው ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ሚልግራም ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ለሰዓቱ 4 ዶላር ከትራንስፖርት አበል ጋር እየከፈለ ተራ ሰዎችን ወደ ላቦራቶሪው ጠራ። ሥራቸው በሚቀጥለው ክፍል ያለ ሰው የቃላት ጥያቄ በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ መቅጣት ነው ተባሉ። በፊታቸው ያለው መሣሪያ ከ15 እስከ 450 ቮልት የተጻፈባቸው 30 ማብሪያዎች አሉት። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፤ ተቀጪውም ተዋናይ ነው፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም። ግራጫ የላቦራቶሪ ካፖርት የለበሰ ሰው አጠገባቸው ቆሞ “እባክህ ቀጥል” ይላል። ሚልግራም አስቀድሞ የጠየቃቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እስከ መጨረሻው የሚሄደው ከሺህ አንድ ቢሆን ነው ብለው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 40 ሰዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት ሄዱ።

ይህ ቁጥር የታወቀ ነው፤ ብዙዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። በኋላ የተመረመሩ ሰነዶች አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ነገሩ የውሸት መሆኑን ጠርጥረው እንደነበር ማሳየታቸውም መነገር አለበት። ለእኔ ግን ከ26ቱ ይልቅ ሌሎቹ ቁጥሮች ይበልጣሉ፤ ሚልግራም ሙከራውን እየለዋወጠ ብዙ ጊዜ ደግሞታልና። ተቀጪው እዚያው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እስከ መጨረሻው የሚሄዱት ወደ 40 ከመቶ ወረዱ። እጁን ይዘው መሣሪያው ላይ እንዲጫኑ ሲታዘዙ 30 ከመቶ ሆኑ። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ 20 ከመቶ ገደማ ደረሱ። በመጨረሻም አብረው ከተቀመጡት ሦስት “ቀጪዎች” ሁለቱ፣ በስውር የሚልግራም ሰዎች የሆኑት፣ ተነሥተው እምቢ ሲሉ፣ ከ40 ሰዎች እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ሆኑ።

በዚህ የመጨረሻ ሙከራ ላይ አተኩሩልኝ። ሦስተኛው ሰው እምቢ እንዲል ያደረገው ምንድን ነው? የውጭ ኃይል ነው ብንል ትክክል ነን፤ ጓደኞቹ ባይነሡ ኖሮ ምናልባት ይቀጥል ነበር። ነገር ግን ያ የውጭ ኃይል የሁለት ሰዎች እምቢታ ነው። ለእኔ የውጭ ኃይል የሆነው ለሌላው ምርጫው ነው፤ የእኔም ምርጫ ለጎረቤቴ የውጭ ኃይል ነው። “ፈቃድ ወይስ አካባቢ” ብለን ሁለቱን እንደ ባላጋራ ፊት ለፊት ስናቆማቸው ይህ ይጠፋብናል። አካባቢ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ክፍሉ ሌሎች ሰዎች ቀደም ብለው የመረጡት ነው።

በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የጠዋቱ ምርጫዬ ለማታው እኔ የውጭ ኃይል ይሆናል። ይህን ከማንም በተሻለ ያሳዩት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው። ዋልተር ሚሼል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አንድ ከረሜላ ፊት አስቀምጦ፣ እስክመለስ ከጠበቃችሁ ሁለት ትወስዳላችሁ ይላቸው ነበር። መጠበቅ የቻሉት ልጆች ከረሜላው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ጥርሳቸውን የነከሱት አልነበሩም። ዓይናቸውን የሸፈኑት፣ ወንበራቸውን ያዞሩት፣ ለራሳቸው የዘፈኑት፣ በእግራቸው የተጫወቱት ናቸው። ሚሼል ከረሜላውን ራሱ በሸፈነው ጊዜም ልጆቹ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁ። ፈተናውን ያለፉት ፊት ለፊት ታግለውት ሳይሆን ከዓይናቸው አርቀውት ነው።

ይህ ሙከራ በኋላ በብዙ መጻሕፍት “ራሱን የሚገዛ ልጅ በሕይወቱ ይሳካለታል” ተብሎ ተሰበከ። ስብከቱ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ልጆችን ያካተተ ጥናት የቤተሰብ ኑሮና የእናት ትምህርት ሲታሰብ ግንኙነቱ በጣም እንደሚደክም አሳየ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን አዋቂው የተሻለ ቀለምና ተለጣፊ ሥዕል አመጣለሁ ብሎ አመጣ፤ ለሁለተኛው ቃሉን አጠፈ። ከዚያ በኋላ ከረሜላው ሲቀርብ ቃል የተከበረላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ሲጠብቁ የተዋሹት 3 ደቂቃ ጠበቁ። የተዋሸ ልጅ ቶሎ መብላቱ ፈቃዱ ደካማ ስለሆነ ነው ማለት ግፍ ነው። አዋቂዎች ቃላቸውን በማያከብሩበት ቤት ዛሬ የተገኘውን ዛሬ መብላት ብልህነት ነው። ስለ ትዕግሥት ማጣታቸው ድሆችን የምንወቅስ ሁሉ ይህን ጥናት ብናስብ እወዳለሁ።

የቀደመው ምርጫ የኋላውን እንደሚገዛ ሕግ ከብዙ ፈላስፎች ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአእምሮ መታወክ ምክንያት የሚሠራውን ያላወቀ ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 49 ኃላፊነቱ በከፊል የቀነሰውን ይመለከታል። ታዲያ ሆነ ብሎ ጠጥቶ አእምሮውን ካጠፋ በኋላ ሰው የመታስ? በመታሁበት ቅጽበት ራሴን አላውቅም ነበር፣ አንቀጽ 48 ይመለከተኛል ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንቀጽ 50 ግን በሩን ይዘጋበታል። ወንጀሉን ለመፈጸም ብሎ ራሱን ወደዚያ ሁኔታ ያስገባ ሰው በአንቀጽ 48 መጠቀም አይችልም፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ወንጀል ሊሠራ እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በጥፋቱ የገባም በቸልተኝነት ይጠየቃል። ሕጉ ነጻነትን የሚፈልገው ዱላው በተነሣበት ደቂቃ ውስጥ አይደለም። ወደ ኋላ ሄዶ የመጀመሪያው ብርጭቆ የተነሣበትን ሰዓት ይጠይቃል።

እኛም ይህን ከመጻሕፍት በፊት በኑሯችን እናውቀዋለን። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾመውን አማኝ ተመልከቱ። ጥሉላት ሳይቀምስ ሁለት ወር ገደማ የሚቆየው ሰው ሁሉ የብረት ፈቃድ ኖሮት አይደለም። ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ይሠራል። እናት ቤት ውስጥ ሽሮና ምስር ብቻ ነው የምትሠራው። ጎረቤቱ ይጾማል፣ የሥራ ባልደረባው ይጾማል፤ ፋሲካ የሚገባበት ቀን ይታወቃል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በየቀኑ ሦስት ጊዜ መወሰን የሚገባውን ነገር ማኅበረሰቡ አንድ ጊዜ ወስኖ አስቀምጦለታል። ባዕድ አገር ሄዶ የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ሥጋ በሚበሉበት ምሳ ቤት ብቻውን የሚጾም ሰው ሸክሙ እንዴት እንደሚከብድ ይነግራችኋል። ሃይማኖቱም ፈቃዱም ያው ነው፤ የጎደለው አብሮት የሚሸከም ሰው ነው። ታዲያ በአገር ቤት የሚጾመው ሰው ጾም የእሱ ምርጫ አይደለም እንበል? ነው እንጂ። ወደዚያ ማኅበር ገብቶ ሕጉን የተቀበለው፣ በየዓመቱም ቅበላውን በልቶ “ጾም ያድርሰን” የሚለው እሱ ነው።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። የውጭ ኃይሎች እኛ ከምናስበው በላይ ይገዙናል፤ የሮቢንስ ወታደሮች፣ የሚልግራም ሰዎች፣ የሮቸስተር ልጆች ይህን አሳይተዋል። ሰው ነጻ የሚሆነው በድርጊቱ ቅጽበት ከእነዚህ ኃይሎች ጋር ግብ ግብ ገጥሞ ሲያሸንፍ ነው የሚለውን ትምህርት አልቀበለውም፤ በዚያ ቅጽበት አብዛኞቻችን እንሸነፋለን። ነጻነታችን ያለው ቀደም ብሎ ነው፤ ከማን ጋር እንደምንውል፣ የትኛውን መንገድ ይዘን ወደ ቤት እንደምንገባ፣ ደመወዛችንን በማን እጅ እንደምናስቀምጥ በምንወስንበት ረጋ ያለ ሰዓት ውስጥ። ይህም ነጻነት ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። ሰፈሩን መቀየር የሚችል አለ፤ የቤት ኪራይ ያሰረው አለ። ስለዚህ የሰውን ጥፋት ስንመዝን ምን አደረገ ብለን ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ምርጫ በፊቱ ነበረ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በአገራችን ከሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ብዙ ወጣቶች አሉ። ጫቱ ከበርጫው፣ ምርቃናው ከጨብሲው፣ ጨብሲው ከጓደኞቹ አይለይም፤ “የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ” እንደሚባለውም ልማዱ ሰውየውን ሳያማክር ይወስደዋል። ቤተሰብ ልጁን ጸበል ያስገባል፣ ገንዘብ ተበድሮ ማገገሚያ ማዕከል ያስገባል፤ ልጁ ድኖ ሲወጣ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው መንደር፣ በየማታው ወደሚደውሉለት ልጆች ይመለሳል። ሲወድቅ “ፈቃድ የለውም” ይባላል። ይህ የሌክሲንግተን ስህተት ነው፤ እኛ ልንደግመው አይገባም። ልጃችሁ ከሕክምና ሲወጣ ሌላ ከተማ ያለ አጎት ወይም አክስት ካለ ለጥቂት ወራት እዚያ ይቀመጥ። ካልሆነ ክፍሉን ቀይሩለት፣ የስልክ ቁጥሩን ይቀይር፣ ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ሥራ ፈልጉለት፣ ማታ ማታ ብቻውን አትተዉት። ይህንንም በላዩ ላይ አትጫኑበት፤ እሱ ራሱ በደኅና ሰዓቱ፣ አእምሮው በረጋበት ጊዜ፣ ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ይምረጠው።